በአዲስ ስም የተመለሱ አንጋፎች

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ፣ ቪላ ፓርክ በሚባለው የእግር ኳስ ሜዳ፣ ጁላይ 5 ቀን 2025 ዓ.ም. ብላክ ሳባዝ የተባለው የሙዚቃ ጓድ አራቱም መሥራቾቹ ባሉበት የስንብት ትርኢቱን አሳየ። ከዚያ በኋላ 17 ቀን ብቻ ቈይቶ ዘፋኙ ሚስተር ኦዚ ኦስቦርን ዐረፉ። ዘመኑን በሙሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን መሆኑን አንባቢያችን ይወቁልን። ስለዚህ ጓድ ብዙ ተጻፈ፤ ብዙም ተነገረ። እኛ ግን ያገኘነውን ሁሉ ስናገላብጥ አንድ ነገር ጐደለን፤ ይኸውም ከነዚሁ አራት ሰዎች ሁለቱ፣ ከሌሎች ሁለት አንጋፋ ሙዚቀኞች ጋር ሆነው፣ ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. በሌላ ስም ያቆሙት ጓድ ነው። ስሙ ሄቨን ኤንድ ሄል፣ ማለት መንግሥተ ሰማያትና ሲኦል ይባል ነበር። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የዚህን ጓድ ሥራ፣ በተለይም በ2009 ዓ.ም. ያወጣውን አዲስ ሸክላ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ጆሯቸው እንግዳ ለሆነ አንባቢዎች አንድ ሁለት ቃል መናገር ይገባናል። ሄቪ ሜታል፣ ማለት ከባድ ብረት፣ የሚባለው ሙዚቃ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ እስኪሻክር ድረስ በማጉያ ተገፍቶ፣ ቤዝ ጊታሩና ከበሮው ከሥሩ እንደ መሠረት ድንጋይ ተጭነው የሚሠራ ነው። ስሙና ምልክቱ የሚያስደነግጠው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ብላክ ሳባዝ የሚለው ስም ከአንድ የ1963 ዓ.ም. አስፈሪ ፊልም የተወሰደ ነው። ወደ ፊት የምናነሣቸው ዘፋኝ ሚስተር ዲዮ በመድረክ ላይ ሁለት ጣታቸውን እንደ ቀንድ እያቆሙ ያሳዩት የነበረው ምልክትም ከጣሊያናዊት አያታቸው ያዩት ሲሆን፣ አሮጊቲቱ ይህን የሚያደርጉት የቡዳን ዓይን ለመከላከል ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ይህ ይበቃል።

በልዩ ልዩ ጓድ ስማቸውን ያስጠሩ ሙዚቀኞች ተጠራርተው አዲስ ጓድ ሲያቆሙ እንግሊዞች ሱፐርግሩፕ ይሉታል። የዚህ ዓይነቱ ጓድ ታሪክ በአብዛኛው አያስደስትም። ስም በስም ላይ ይደመራል፤ ሥራው ግን ይቀነሳል። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ይህን ጽሑፍ እንደምናዘጋጅ በሰሙ ጊዜ፣ «ጡረታ የወጣ ሰው ወደ መዝገብ ቤት የሚመለሰው ምን ረስቶ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። በቀልድ ቢናገሩትም ጥያቄው ቀላል አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ እንደምናየው፣ ጡረታ ወጥተው የሚመለሱ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ «በኛ ጊዜ እንዲህ ነበር» እያሉ ሲያወጉ ይውላሉ፤ ወጋቸው ይጣፍጣል፤ ጉዳይ ግን አይፈጽምም። ሁለተኞቹ ኮታቸውን ሰቅለው ያልተዘጋ መዝገብ ይጠይቃሉ። እኛም እነዚህን አራት ሙዚቀኞች የምንመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው።

የጓዱ ምሰሶ ጊታር መቺው ሚስተር ቶኒ አዮሚ ናቸው። በ1948 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ተወለዱ። በ17 ዓመታቸው በአንድ የብረት ሥራ ፋብሪካ ሲሠሩ፣ ሥራውን ሊለቁ በተነሡበት በመጨረሻው ቀን፣ መኪናው የቀኝ እጃቸውን የመካከለኛውንና የቀለበቱን ጣት ጫፍ ቈረጠው። በዚያ ቀን ለምሳ ወደ ቤት ሄደው አልመለስም ሲሉ፣ የጀመሩትን እንዲፈጽሙ ብለው የመለሷቸው እናታቸው መሆናቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ሚስተር አዮሚ ግራኝ ስለ ሆኑ የጊታሩን ክር የሚጫኑት በቀኝ እጃቸው ነው፤ ስለዚህ የጠፋው ለሙያቸው ዋና የሆነው ጫፍ ነበር። ተስፋ ቈርጠው ሳሉ የፋብሪካው ኀላፊ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰሟቸው። ራይንሃርት ግራ እጁን እሳት ካበላሸው በኋላ በሁለት ጣት ብቻ ዜማ እያፈሰሰ ዓለምን ያስደነቀ ጊታር መቺ ነው። ከዚህ በኋላ ወጣቱ አዮሚ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጠው የጣት ቆብ ሠሩ፤ ቆቡንም በቆዳ ለበጡት፤ ቀጫጭን ክር ፈልገው በጊታራቸው ላይ ወጠሩ። በ1971 ዓ.ም. በወጣው በሦስተኛው የብላክ ሳባዝ ሸክላ ደግሞ በአንዳንዱ ዘፈን ክሩን አንድ ቶን ተኩል ያህል አላሉት። የላላ ክር ለቈሰለ ጣት ይቀላል፤ ድምፁም እየወፈረ ወደ ታች ይወርዳል። ቤዝ ጊታር መቺው ሚስተር ጊዘር በትለርም መሣሪያቸውን አብረው አወረዱ። ከዚያ ወዲህ ጣታቸው ጤነኛ የሆነ እጅግ ብዙ ወጣቶች አንድ ቈስለኛ ለራሱ ያበጀውን መላ ሲከተሉ ይኖራሉ።

በ1979 ዓ.ም. ሚስተር ኦስቦርን ከጓዱ ሲለዩ በምትካቸው የገቡት አሜሪካዊው ሚስተር ሮኒ ጄምስ ዲዮ ናቸው። ሬንቦ በተባለው ጓድ አስቀድመው ታውቀው ነበር። በልጅነታቸው ትራምፔት ይነፉ ስለ ነበር፣ የድምፃቸው ጉልበት ከዚያው የአተነፋፈስ ልምድ የመጣ መሆኑን ይናገሩ ነበር። የእርሳቸው መግባት የሙዚቃውን አሠራር ለወጠው። ሚስተር ኦስቦርን ብዙ ጊዜ ጊታሩ የሄደበትን ዜማ ተከትለው የሚዘፍኑ ሲሆኑ፣ ሚስተር ዲዮ ግን ጊታሩ ከሥር ሲቆም በላዩ ላይ የራሳቸውን ዜማ የሚገነቡ ሰው ናቸው። ጊታሩም ለዘፋኙ ቦታ ለመልቀቅ ተገደደ። ከዚህ ለውጥ በ1980 ዓ.ም. ሄቨን ኤንድ ሄል፣ በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ሞብ ሩልስ የተባሉት ሸክላዎች ተገኙ። በሁለተኛው ላይ ከበሮውን የመቱት ከኒውዮርክ የመጡት ሚስተር ቪኒ አፒሲ ናቸው።

ጠባቸውን ለመዘርዘር አንወድም። በ1982 ዓ.ም. ከመድረክ የተቀዳ ሸክላ ሲዘጋጅ የማን ድምፅ ከፍ ይበል፣ የማን ዝቅ ይበል በሚል ተጣልተው ተለያዩ። በ1992 ዓ.ም. ታርቀው ዲሂዩማናይዘር የተባለውን ሸክላ አወጡ፤ በዚያው ዓመት ሚስተር ዲዮ ከቀድሞው ዘፋኝ ትርኢት በፊት ለመዝፈን እምቢ ብለው እንደ ገና ወጡ። ኩራት ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን እምቢታቸውን አንነቅፍም፤ ሰው በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ለሌላ ሰው ወንበር አጽዳ ሲባል ደስ አይለውም።

እንግዲህ በ2006 ዓ.ም. ዳግመኛ ለመሰብሰብ ሲያስቡ የተነሣው ትልቁ ጥያቄ የስም ጥያቄ ነበር። በብላክ ሳባዝ ስም ቢወጡ አዳራሹ ሁሉ በሞላላቸው። ነገር ግን ሕዝቡ ከዚያ ስም ጋር የሚጠብቀው የሚስተር ኦስቦርንን ዘመን ዘፈኖች ነው። ስለዚህ ያንን ስም ትተው የ1980ውን ሸክላ ስም ለራሳቸው አወጡ፤ በመድረክም ላይ የሚስተር ዲዮን ዘመን ሥራ ብቻ ተጫወቱ። በርግጥ ነገሩ ፍጹም ንጹሕ ነበር አንልም። በ2007 ዓ.ም. የጀመረው ዙር በዚያው ጊዜ ከወጣው የቈዩ ዘፈኖች ስብስብ ሽያጭ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ገበያም ገበያ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ የሚያመጣውን ስም በገዛ ፈቃድ አስቀምጦ፣ ያልለመደውን ስም በማስታወቂያ ላይ መጻፍ ሙዚቀኞች ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር አይደለም። አንዳንድ ሰዎች ይህ ያው የቀድሞው ጓድ ነው እንጂ አዲስ አይደለም ይላሉ። ሰዎቹ የቀድሞዎቹ መሆናቸው እውነት ነው። የስሙ መለወጥ ግን አድማጩን ከትዝታው አላቅቆ፣ አሁን ፊቱ የቆሙት ሰዎች አሁን ምን እንደሚሉ እንዲሰማ አስገድዶታል።

እስከዚህ ድረስ ግን ገና በረንዳው ላይ ናቸው። የቈዩ ዘፈኖችን ጥሩ አድርጎ መጫወት መልካም ወግ ነው። መዝገቡ የተከፈተው በዌልስ አገር ሮክፊልድ በሚባለው ስቱዲዮ ተቀድቶ በኤፕሪል 2009 ዓ.ም. በወጣው ሸክላ ነው። ስሙ ዘ ዴቭል ዩ ኖው ይባላል። እኛም ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እንደምንለው፣ እንግሊዞችም ለዚህ የቀረበ አባባል አላቸውና ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ሚስተር ዲዮ 66፣ ሚስተር አዮሚ 61፣ ሚስተር በትለር 59፣ ከሁሉ የሚያንሱት ሚስተር አፒሲ 51 ዓመታቸው ነበር። ዐሥር ዘፈኖች አሉበት፤ በአሜሪካ የሽያጭ ዝርዝርም ላይ 8ኛ ሆኖ ገብቷል።

ሸክላውን ስንሰማ በመጀመሪያ የሚያስገርመን ዝግታው ነው። በዕድሜ የገፉ ሙዚቀኞች ገና ወጣት መሆናቸውን ለማሳየት ሲሮጡና ሲያለከልኩ እናውቃለን። እነዚህ ግን አልሮጡም። መክፈቻው አቶም ኤንድ ኢቭል እንደ ተጫነ ጋሪ እየተንገጫገጨ ይወጣል። ስሙም በእንግሊዝኛ ሲነገር አዳምና ሔዋን ወደ ማለት ስለሚቀርብ፣ ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ፈገግ ይላል። ባይብል ብላክ የተባለው ዘፈን ደግሞ ያለ ማጉያ በሚመታ ጊታርና በለሰለሰ ድምፅ ይጀምራል፤ አንድ መጽሐፍ ይዞት ሊለቀው ስላልቻለ ሰው የሚናገር ነው። ከባዱ ጊታር ሲገባ ዘፋኙ ድምፃቸውን ወደ ላይ አይወረውሩትም። በ1980 ዓ.ም. ይደርሱበት የነበረውን ከፍታ አያሳድዱትም፤ ድምፁ ወፍሯል፤ ትንሽም ሻክሯል፤ እርሳቸውም ያንን አልደበቁትም። በአንዱ ቃልና በሌላው ቃል መካከል የሚተዉት ዝምታ ከጩኸቱ ይበልጥ ያስፈራል። የጊታሩም ዜማ በጥቂት ኖታ የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ኖታ ግን እስኪያልቅ ይጠበቃል። ወጣት ሊጫወተው ይችላል፤ ለመጠበቅ ግን ትዕግሥት የሚኖረው አይመስለንም።

ነቀፌታችንንም መደበቅ አይገባንም። ኢቲንግ ዘ ካኒባልስና ኔቨርዌር የተባሉት ፈጣን ዘፈኖች ቦታ ለመሙላት የገቡ ይመስላሉ። በሌሎቹም ላይ ርምጃው አንድ ዓይነት ስለሚሆን፣ ከበሮውም ከመጠን በላይ ስለማይለዋወጥ፣ ወደ መካከሉ ሲደርስ ጆሮ ይሰለቻል። ግጥሙም ቢሆን ጨለማንና ብርሃንን፣ ሰይጣንንና መልአክን ደጋግሞ ስለሚያመላልስ፣ ሌላ ጓዳ የለም ወይ ያሰኛል። ሆኖም የመጨረሻው ብሬኪንግ ኢንቱ ሄቨን ይህን ሁሉ ይክሳል። የወደቁ መላእክት ወደ ሰማይ ተመልሰው ሊዘምቱ ሲነሡ የሚያሳይ ዘፈን ሲሆን፣ ርምጃው እጅግ የከበደ ስለ ሆነ ዘማቾቹ ከመድረሳቸው በፊት እንደሚደክሙ ያስታውቃል። ከወጣትነታቸው ዘፈኖች አጠገብ ልናስቀምጠው አናፍርም።

መዝገቡ ግን ብዙ አልቈየም። በኦገስት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. በአትላንቲክ ሲቲ የመጨረሻውን ትርኢት አሳዩ፤ በኖቬምበር ሚስተር ዲዮ የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው ተነገረ፤ በሜይ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። የቀሩት ሦስቱ በጁላይ ወር ለንደን ላይ ሌሎች ዘፋኞች ጋብዘው አንድ የመታሰቢያ ትርኢት አደረጉ። ከዚያ በኋላ ለጓዱ አዲስ ዘፋኝ አልቀጠሩም፤ ስሙንም አጥፈው አስቀመጡት። ሚስተር አዮሚና ሚስተር በትለር ወደ ብላክ ሳባዝ ተመልሰው በ2013 ዓ.ም. ሌላ ሸክላ አወጡ፤ እኛ ግን ከሁለቱ የ2009ኙን እናስበልጣለን።

ሸክላውን ለመስማት የሚፈልግ አንባቢ ከመክፈቻው ይልቅ ከባይብል ብላክ ቢጀምር ይሻላል። መግቢያው በጣም ዝቅ ያለ ስለ ሆነ አልሰማ አለኝ ብሎ ማጉያውን እስከ መጨረሻው እንዳያዞረው እናሳስባለን፤ ጎረቤት አለና።