ከቀጠሮው ቀን ማግስት

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ድንች ከማሳ የሚወጣው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 ግን ድንቻቸውን ከመሬት ሳያወጡ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። ስንፍና ይዟቸው አይደለም። ኦክቶበር 22 ቀን ዒሳ (ዐ.ሰ) ከሰማይ ይወርዳል፣ ይህች ዓለምም ታከትማለች ስለተባሉ ነው። ቃሉን አምኖ ጎተራ መሙላት ለእነርሱ እምነት ማጉደል መስሎ ታያቸው። ሱቁን የዘጋም፣ ሥራውን የለቀቀም ነበር። ቀኑ መጣ፤ መሸ፤ እኩለ ሌሊት አለፈ። በማግስቱ ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ወጣች። የታሪክ ጸሐፊዎች ያን ቀን «ታላቁ ተስፋ መቁረጥ» ይሉታል።

ስለ እነዚህ ሰዎች ስንናገር ፍትሕ እንዳይጎድለን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ አዞናል፤ ለሰዎች ያለን ጥላቻ እንኳ ከፍትሕ እንዳያወጣን። ስለዚህ አንድ ነገር አስቀድሜ ላንሳ። ነጭ ቀሚስ ለብሰው ጣራ ላይ ወጥተው ጠበቁ እየተባለ የሚወራው አስተማማኝ ማስረጃ ያልተገኘለት የፌዘኞች ወሬ ነውና አትቀባበሉት። ያለቀሱት ሰዎች ግን እውነተኛ ነበሩ፤ ባዶ የቀረውም ጎተራ እንዲሁ።

የነገሩ መነሻ ዊልያም ሚለር የሚባል የኒው ዮርክ ግዛት ገበሬ ነው። በወጣትነቱ ከሃይማኖት ርቆ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1812 በተጀመረው የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦርነት የዘመተ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሰና መጽሐፍ ቅዱስን ቁጭ ብሎ ማጥናት ጀመረ። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 8 ላይ ስለ 2300 ቀናት የሚናገር ቦታ አለ። ሚለር አንዱን ቀን አንድ ዓመት ነው ብሎ ወሰደ። መነሻውን የፋርሱ ንጉሥ አርጤክስስ አዋጅ ወጣበት በሚባለው በ457 ከክርስቶስ ልደት በፊት ላይ አደረገ። ከ2300 ላይ 457 ሲቀነስ 1843 ይመጣል። ሒሳቡ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1831 ጀምሮ በአደባባይ ሰበከው፤ በጋዜጣና በሥዕላዊ ሰንጠረዥ ተሠራጨ፤ ተከታዮቹ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። 1843 ሲያልፍ ከክርስቶስ ልደት በፊትና በኋላ በሚቆጠሩት ዓመታት መካከል ዜሮ የሚባል ዓመት እንደሌለ ተዘነጋ ተባለና ሒሳቡ ወደ 1844 ተገፋ። ኦክቶበር 22 የሚለውን ቀን የቆረጠው ደግሞ ሳሙኤል ስኖው የተባለ ሌላ ሰባኪ ሲሆን ሚለር የተቀበለው ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር።

እስቲ ልብ በሉ! መቀነስ ስሕተት የለበትም፤ ማንኛውም የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይቀንሰዋል። ጥያቄው ቀን ዓመት መሆኑን ማን ነገረህ? ቆጠራው ከዚህ ንጉሥ አዋጅ ይጀምር ያለህስ ማን ነው? የሚለው ነው። መነሻውን የመረጠ ሰው መድረሻውንም መርጧል። በሀገራችን ክፉ ነገር በታየ ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ገባ» ሲባል ያልሰማ የለም። በሀገሩ የባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ስለሚቆጠር ስምንተኛው ሺህ የገባው ገና በ1501 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው! ፈረንጆች 2000 ገባ ብለው ሲሸበሩም እኛ ገና 1992 ላይ ነበርን።

ወደ ማግስቱ እንመለስ። ሚለር መሳሳቱን አምኗል፤ ይህ ይመዘገብለታል። እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1849 ግን መጠበቁን አልተወም። ከተከታዮቹ ከፊሉ ወደ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሰ፣ ከፊሉ ሃይማኖት የሚባል ነገር ጠላ። ከፊሉ ደግሞ ቀኑ ትክክል ነበር፣ የተሳሳትነው በተፈጸመው ነገር ነው አለ፤ ዒሳ ወደ ምድር ሳይሆን በሰማይ ባለው መቅደስ ውስጥ ወደ ሌላ ክፍል ገብቷል አለ። ከዚህኛው ወገን የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1863 ተቋቋመች። ይህች ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ቀን አትቆርጥም። ይሁንና ያች የማግስቱ መልስ ብልኃቷን ልብ ማለት ያሻል፤ በምድር ላይ የተነገረ ነገር ሳይፈጸም ሲቀር ወደማይታይ ቦታ ከተወሰደ ማንም ሄዶ ሊያጣራው አይችልም።

ይህችው ብልኃት ሌላ ቦታም ሠርታለች። የዛሬዎቹ የይሖዋ ምሥክሮች የተነሡበትን ቡድን የመሠረተው ቻርልስ ራስል 1914ን ቆርጦ ነበር። ዓመቱ ሲደርስ የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ዓለም ግን አላለፈችም። ቀኑ ሳይጣል ትርጉሙ ተለወጠ፤ ዒሳ በማይታይ ሁኔታ ነግሧል ተባለ። ተተኪው ራዘርፎርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ቡክሌት በ1925 ኢብራሂም፣ ኢስሐቅና ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ከሙታን ተነሥተው እንደሚመለሱ አበሠረ። 1925 መጣ፤ ሄደ። ከአራት ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ከተማ አንድ የሚያምር ቪላ ተሠራ፤ ሰነዱም ቤቱ ለሚመለሱት ለእነዚያ ደጋግ ሰዎች በአደራ የሚያዝ መሆኑን ይገልጻል። ባለቤቶቹ እስኪመጡ የኖረበት ራሱ ራዘርፎርድ ነው፤ በ1942 የሞተውም እዚያው ነው። በ1948 ቤቱ ተሸጠ። በኋላም 1975 በጽሑፎቻቸው የአደም 6000ኛ ዓመት ተብሎ ተጠቀሰና ብዙዎች በተስፋ ጠበቁት፤ በ1974 የወጣ የውስጥ መጽሔታቸው ቤታቸውን ሸጠው ለስብከት የወጡትን አመስግኗል። የሸጡት ቤት በ1976 አልተመለሰላቸውም።

አንባቢያን ሆይ! እዚህ ላይ አንድ ስውር ነገር አለ። የተውራት ክፍል በሆነው በዘዳግም ምዕራፍ 18 መጨረሻ ላይ በአምላክ ስም የተናገረው ያልተፈጸመለት ሰው ከአምላክ እንዳልተላከ የሚለይበት መመዘኛ ተቀምጧል። ሚለር ግን ነቢይ ነኝ አላለም፤ ሒሳብ ሠራሁ እንጂ። ሌሎቹም ነቢይ አይደለንም፣ መጽሐፉን ነው የምናስረዳው ይላሉ። ቃላቸው ሲደመጥ እንደ ነቢይ ቃል ነው፤ ሰው ቤቱንና እርሻውን ይተውበታል። ሳይፈጸም ሲቀር ግን በነቢይ መመዘኛ አትመዝኑን፣ እኛ አስተማሪዎች ብቻ ነን ይላሉ። ሥልጣኑን ይወስዳሉ፣ ተጠያቂነቱን ይሸሻሉ። የእኔ ትልቁ ቅሬታ ከመቀነስና ከመደመሩ ይልቅ በዚህ ላይ ነው። ደግሞስ የሚያነቡት ወንጌል በማቴዎስ ምዕራፍ 24 ያችን ቀን መላእክትም እንደማያውቁ አይናገርምን?

ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለው የካሊፎርኒያ ሬዲዮ ሰባኪ በምሕንድስና የተማረ ሰው ነበር። በመጀመሪያ ሴፕቴምበር 1994 አለ። አለፈ። ከዚያ ሜይ 21 ቀን 2011 አለና በብዙ አገሮች ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ተተከሉ፤ የጡረታ ቁጠባቸውን ለዚህ ያፈሰሱ ነበሩ። ቀኑ ሲያልፍ ፍርዱ በመንፈስ ተፈጽሟል፣ ፍጻሜው ኦክቶበር 21 ነው አለ። ያም አለፈ። በ2012 መሳሳቱን በደብዳቤ አምኖ በዓመቱ በ2013 ሞተ። ደብዳቤው ጥሩ ነው፤ ገንዘቡን ላፈሰሰው ጡረተኛ ግን የተመለሰለት ነገር አልነበረም።

በአፍሪካችን ዋጋው ከዚህም ከብዷል። በኡጋንዳ ካኑንጉ በተባለ ሥፍራ የአሥርቱን ትእዛዛት እናስመልሳለን የሚሉ መሪዎች ዓለም በ1999 መጨረሻ ያልቃል ብለው ነበር፤ ተከታዮቻቸውም ንብረታቸውን ሸጠው አስረክበዋል። ቀኑ ሲያልፍ ንብረታችንን መልሱልን የሚል ጥያቄ እንደተነሣ ይነገራል። ማርች 17 ቀን 2000 የተሰበሰቡበት ቤት ተቃጠለ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኬንያ ሻካሆላ ጫካ ዒሳን ለመገናኘት በሚል ራሳቸውን በረኃብ እንዲቀጡ ተነግሯቸዋል የተባሉ ከ400 በላይ ሰዎች አስከሬን ወጣ፤ ሕፃናትም ነበሩበት። የተከሰሰው ሰባኪ ክሱን አልተቀበለም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ይህን ከእኛ ባላነሰ አውግዘውታል፤ ይህም መባል አለበት።

የዒሳን መውረድ እኛም እናምናለን፤ የሰዓቲቱንም መምጣት አንጠራጠርም። ክርክራችን በቀጠሮው ላይ ነው። በሱረቱል አዕራፍ ስለ ሰዓቲቱ ለጠየቁት እውቀቷ አላህ ዘንድ ብቻ መሆኑ፣ ስትመጣም ድንገት እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ጂብሪል (ዐ.ሰ) በጠየቃቸው ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተጠያቂው ከጠያቂው የበለጠ እንደማያውቅ መልሰዋል። ሌላ ሰው መቼ ናት ብሎ ሲጠይቃቸው ደግሞ ምን አዘጋጅተህላታል ብለው ጥያቄውን መለሱበት። ሰዓቲቱ ብትደርስና በእጃችሁ ችግኝ ቢኖር ትከሉት ማለታቸውም በሐዲስ ተዘግቧል። ድንቹን ማሳ ላይ የተወውን ገበሬ ይህን የሚነግረው ሰው አላገኘም።

ጣት ከመቀሰራችን በፊት ግን የራሳችንን ቤት እንይ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1979፣ የ1400 ሂጅራ የመጀመሪያ ቀን፣ ጁሃይማን አል-ዑተይቢ የታጠቁ ሰዎቹን ይዞ መስጂደል ሐራምን ያዘ፤ የሚስቱ ወንድም መህዲ ነው ብሎ አወጀ። በዚያ በተከበረ ቦታ ለሁለት ሳምንት ያህል ደም ፈሰሰ፤ መህዲ የተባለውም እዚያው ተገደለ። ከዚያ በፊትም ኢማም አስ-ሱዩጢ (ረሒመሁላህ) ይህ ኡማ ከሺህ ዓመት አያልፍም የሚለውን ወሬ ለማፍረስ ኪታብ ጽፈዋል፤ ወሬውን ካፈረሱ በኋላ ግን እርሳቸውም ከተለያዩ ዘገባዎች ቆጥረው 1500ን እንደማያልፍ ገመቱ። ሌሎች ዑለማእ አልተቀበሏቸውም። እርሳቸው ማንንም ቤትህን ሽጥ አላሉም፤ ቁጥሩ ግን ተጽፎ ቀርቷል። 1500 ሂጅራ የሚገባው እ.ኤ.አ. በ2076 ነው። ዛሬ በመድረሳችን ፊደል የሚቆጥሩት ልጆች ያን ጊዜ ሽማግሌ ይሆናሉ፤ ያን ቁጥር ከኪታብ አውጥቶ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው መምጣቱ አይቀርም።