ስለ አንዲት ግብ፤ ጥበብ ናት ወይስ ዕድል?

የባልንጀራው ሥራ ያስደነቀው ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ይናገራል። ወይ «እንዴት ያለ ጥበብ ነው!» ይላል፤ ወይም «ዕድል ቀናው እንጂ ምን ዐውቆ» ይላል። ሁለቱም ፍርድ ፈጥኖ ይወጣል፤ መርምሮ የሚፈርድ ግን ጥቂት ነው። ይህን ነገር ለመመርመር ወጣቶች የሚወዱትን ምሳሌ ከእግር ኳስ ሜዳ መረጥሁ።

በግንቦት 26 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) ብራዚልና ፈረንሳይ ሊዮን በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ተጋጠሙ። ብራዚሎች ከግቡ 35 ሜትር ያህል ርቀው የቅጣት ምት አገኙ። ሮቤርቶ ካርሎስ የተባለው ተከላካይ ኳሲቱን አስተካክሎ አስቀመጠና ብዙ ርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያም ተንደርድሮ በግራ እግሩ ውጭ በኩል መታት። ኳሲቱ እንደ ግድግዳ የቆሙትን ፈረንሳዮች በስተቀኝ አልፋ እጅግ ወደ ውጭ ሄደች። ከግቡ ራቅ ብሎ የቆመ ኳስ አቀባይ ልጅ እንኳ የምትመታው መስሎት ጎንበስ አለ። እርስዋ ግን ወደ ግራ ታጠፈችና የግቡን ቋሚ በውስጥ በኩል ነክታ ገባች። በረኛው ፋቢየን ባርቴዝ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ቀረ። ጨዋታው 1 ለ 1 ቢፈጸምም፥ ውጤቱን የረሳ ሰው ሁሉ ያችን ግብ አልረሳትም።

«ዕድል ነው» የሚሉት ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ኳሲቱ ቋሚውን ስትነካ በጥቂት ጣት ያህል ወደ ውጭ ብታደላ ኖሮ ወደ ሜዳ በተመለሰች ነበር። ደግሞም፥ «ጥበብ ከሆነ ለምን በየጊዜው አልደገመውም?» ይላሉ። ሮቤርቶ ካርሎስ ለአገሩ 125 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው 11 ግብ ነው። ከመታቸው የቅጣት ምቶችም ብዙዎቹ ከተከላካዮች ደረት ላይ ቀርተዋል፤ ብዙዎቹም ወደ ተመልካቹ ወጥተዋል። ይህ እውነት ነውና ልንሸሽገው አይገባም።

ነገር ግን የኳሲቱን መታጠፍ ከነፋስ የመጣ ስጦታ ማድረግ ስሕተት ነው። እየሾረች የምትበር ኳስ አየሩን ወደ አንድ ወገን ስለምትገፋ፥ አየሩም መልሶ እርስዋን ወደ ሌላው ወገን ይገፋታል። ይህ ነገር ማግኑስ በተባለው የጀርመን ሊቅ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የፈረንሳይ ሊቃውንት ትንንሽ ኳሶችን ወደ ውሃ እየተኰሱ መንገዳቸውን መረመሩ። ኳሲቱ ፍጥነቷ እየቀነሰ ሲሄድ መታጠፏ እየጠበበ እንደሚሄድና መንገዷም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደሚጠመዘዝ አስረዱ። ይህም በዓይን የሚታየው ምቱ ብርቱ፥ ርቀቱም ብዙ ሲሆን ነው። እንግዲህ በሊዮን የታየው ተአምር ሳይሆን ሕግ ነበር። ተጫዋቹ ሕጉን በመጽሐፍ ባያነበውም፥ ስፍር ቍጥር በሌለው ልምምድ እግሩ ተምሮታል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን? በሚከተለው ዓመት ለሪያል ማድሪድ ሲጫወት በቴኔሪፍ ሜዳ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ፥ ማንም ይገባል ብሎ ከማይጠብቀው ስፍራ፥ ሌላ የምትታጠፍ ኳስ አግብቷል።

ስለዚህ እኔ እንዲህ እፈርዳለሁ። ኳሲቱን እስከ ደጃፉ ያደረሳት ጥበብ ነው፤ በመጨረሻዋ ጣት ያህል ስፍራ ወደ ውስጥ ያስገባት ግን ዕድል ነው። ያለ ጥበብ ደጃፉ ላይ አትደርስም ነበር። ቋሚውን ነክታ ወደ ውጭ ብትመለስ ኖሮ ደግሞ ጥበቡ ያው ነበር፤ የሚያጨበጭብ ግን አይገኝም ነበር። እንግዲህ ጥበብን ከአንዲት ግብ ብቻ የሚመዝን ሰው ሚዛኑ ጐደሎ ነው፤ ያ ሰው ስንት ጊዜ ከደጃፉ እንደ ደረሰ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ በዚህ ነገር ስለ በደልሁ ነው። በማስተምርበት ዘመን በሒሳብ ደካማ ነው የምለው አንድ ተማሪ፥ ከክፍሉ ማንም ያልቻለውን ጥያቄ ፈትቶ አመጣልኝ። እኔም በጓደኞቹ ፊት «ዛሬስ ዕድል ቀንቶሃል» አልሁት፤ ክፍሉም ሳቀ። ልጁ ምንም ሳይመልስ ተቀመጠ። ማታ ደብተሮቹን ሳርም ያንኑ ጥያቄ ስድስት ጊዜ ሞክሮ፥ ስድስት ጊዜ የሰረዘበትን ገጽ አገኘሁ። እኔ ያየሁት ሰባተኛውን ብቻ ነበር። ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እያልሁ ዓመቱ አለቀ፤ ቤተ ሰቡም ወደ ሌላ አገር ሄደ። ያ ገጽ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ልጆቼ ሆይ፥ ሥራችሁ ሲሳካ ከዕድል የተቀበላችሁትን አትርሱ፤ ይህ ከትዕቢት ይጠብቃችኋል። የጓደኛችሁ ሥራ ሲሳካ ግን «ዕድል ነው» ከማለታችሁ በፊት የተሰረዘውን ገጽ ፈልጉ። ኳሱ ቋሚውን መትቶ የተመለሰበትን ሰው ደግሞ ሰነፍ አትበሉት። እርሱም እንደ ሌላው ደክሟል፤ የጐደለው ጣት ያህል ብቻ ነው።