አጅሩሚያና «ግልጽ ሰዋስው»፦ አማርኛ ተናጋሪውን ተማሪ ምን ያህል ያራምዳሉ?

የዐረብኛን ሰዋስው በቀድሞው ወግ ለመማር የሚነሣ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያገኘው መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ አጅሩሚያ ነው። ደራሲው ኢብን አጅሩም የበርበር ተወላጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1323 በሞሮኮ ፌዝ ከተማ ዐረፈ። ጥቂት ገጾች ብቻ ያሏት ይህች መጽሐፍ ከሞሮኮ እስከ ኢንዶኔዥያ ድረስ ተሠራጭታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1592 በሮማ ከተማ በማተሚያ ቤት ታትማለች፤ በወሎና በሐረር ሸኾች ዘንድም ደረሳው ወደ ነሕው የሚገባባት በር ሆና ኖራለች። ሰባት መቶ ዓመት ያህል ያገለገለ መጽሐፍ በቀላሉ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም የዕድሜው ርዝመት መጽሐፉ ለማንና ለምን ዓላማ እንደ ተዘጋጀ ከመመርመር አያግድም።

አጅሩሚያ ንግግር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ከወሰነ በኋላ ቃላትን ስም፣ ግሥና ሐርፍ ብሎ በሦስት ይከፍላል። ሐርፍ የሚለው ክፍል በግእዝ ሰዋስው ሊቃውንት ዘንድ አገባብ ከሚባለው ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ከዚያ ወዲያ የመጽሐፉ ኃይል በሙሉ የሚውለው በኢዕራብ፣ ማለት የቃላት መጨረሻ እንደ አገባባቸው በሚለዋወጥበት ሥርዐት ላይ ነው። ባለቤትን የመሰሉ ሰባት ዐይነት ስሞች፣ ተሳቢን የመሰሉ ዐሥራ አምስት፣ በሐርፍና በአያያዥነት የሚሰበሩ ሦስት እየተቈጠሩ ይቀርባሉ። ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን ይህ አቈጣጠር ትልቅ ብልኀት ነበር። ተማሪው መጽሐፉን በቃሉ ይዞ የትም ይሄዳል፤ ማብራሪያው ከመምህሩ አንደበት ይመጣል። አጅሩሚያ ያለ መምህር ሊነበብ የታሰበ አይደለም፤ ለብቻው ተነጥሎ ሲታይ ደረቅ የሚመስለውም ስለዚህ ነው። ይህን ሳይመለከቱ የሚሰነዘሩ ነቀፋዎች ፍትሐዊ አይደሉም።

ጕድለቱ ሌላ ዘንድ ነው። መጽሐፉ ግሥን ኀላፊ፣ የአሁንና ትእዛዝ ብሎ ከመክፈልና መጨረሻውን የሚለውጡትን ሐርፎች ከመዘርዘር ዐልፎ አንድ ግሥ ከሌላው እንዴት እንደሚወለድ አይናገርም። ይህ የሰርፍ ትምህርት ድርሻ ነው ተብሎ ለሌላ መጽሐፍ ተትቷል። ቋንቋውን በአፉ ለሚያውቅ ሰው ክፍፍሉ ጕዳት የለውም፤ ቃላቱን አስቀድሞ ያውቃቸዋልና። ለባዕድ ተማሪ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የማያውቀውን ቃል መጨረሻ በዑ ወይስ በአ ይነበብ እያለ ሲመረምር ይውላል። በቃሉ የያዘውን ምሳሌ አንድ በአንድ ሲተነትን እንከን ላይገኝበት ይችላል፤ ያልተማረውን ገጽ ሲገልጡለት ግን በመጀመሪያው መስመር ላይ ይቆማል። በአንጻሩ የቅኔ ቤቱ ሥርዐት ሲታይ ተማሪው በቅድሚያ ግስ ይወርዳል፤ እርባታውን ያጠናል፤ የአገባቡ ጥናት በዚያ መሠረት ላይ ይጸናል። በቃል መያዝ በሁለቱም ዘንድ አለ። ልዩነቱ የሚያዘው ነገር ምንነትና ተራው ነው።

«ግልጽ ሰዋስው» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው አን-ነሕው አል-ዋዲሕ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በግብፅ የተዘጋጀ ነው። ከሁለቱ አዘጋጆች አንዱ ዐሊ አል-ጃሪም ባለቅኔና በትምህርት ሚኒስቴር የዐረብኛ ትምህርት ኢንስፔክተር ስለ ነበሩ የመማሪያ ክፍልን ችግር በቅርብ ያውቁታል። ለአንደኛ ደረጃ ሦስት፣ ለሁለተኛ ደረጃም ሦስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ትምህርት በምሳሌ ዐረፍተ ነገሮች ይጀመራል፤ ምሳሌዎቹ በውይይት ይፈተሻሉ፤ ደንቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መልመጃ ይከተላል። አጅሩሚያ በደንብ ጀምሮ በምሳሌ የሚያረጋግጠውን ይህ በምሳሌ ጀምሮ በደንብ ያሥራል። በማስተማር ዘዴ ረገድ ብልጫው አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ የተዘጋጀው ለግብፅ ሕፃናት ነው። ስለ አትክልት ቦታ፣ ስለ አበባና ስለ ዓሣ የሚያወሩት ቀላል ምሳሌዎች ቀላል የሚሆኑት የቃላቱን ትርጕም ከእናቱ ለሰማ ልጅ ነው። «ባዶውን ቦታ በተስማሚ ቃል ሙላ» የሚለው መልመጃ ቃል የሌለውን ተማሪ የሚጠይቀው የሌለውን ሀብት ነው። የመጀመሪያው ክፍል በዐረፍተ ነገርና በኢዕራብ ላይ ሲያተኵር የግሥን ውልደት ለኋላ ይተዋል። በዚህ ነጥብ አዲሱ መጽሐፍ ከአሮጌው ብዙ አልራቀም።

ሁለቱም መጻሕፍት ሊያውቁት የማይችሉት፣ በኢትዮጵያ የዐረብኛ መማሪያ የሚያዘጋጅ ሰው ግን ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም። ፊደሉ ራሱ ስንቅ ነው። በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ሆነው የቀሩት ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በዐረብኛ በሦስት የተለያዩ ድምፆች ይነገራሉ። ኅብስት ኹብዝ፣ ኀምስ ኸምሳ፣ ሕልም ሑልም ነው። ዓይኑ ዐ በዐይን ይገኛል። በንጉሡ ሠ የሚጻፉት ዐሥርና የግእዙ ሥዕርት በዐረብኛ ዐሽርና ሸዕር ይሆናሉ። ትርፍ ናቸው እየተባሉ ብዙ የተከራከሩባቸው ሞክሼ ፊደላት እዚህ ላይ ከሸክምነት ወደ መሣሪያነት ይለወጣሉ። በርግጥ ይህ የሚሠራው ተማሪው ቃሉን እንደ ግእዙ ሥርዐት ጠንቅቆ የጻፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

የግሡ ነገር ከዚህም ይበልጣል። ባረከና ተባረከ በሁለቱ ቋንቋዎች በቅርጽም በትርጕምም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። በአስታወሰና በአስተማረ ራስጌ ላይ የሚታየው «አስተ» በዐረብኛ «ኢስተ» ሆኖ ይመጣል። ኢስቲቅባል የሚለውን የዐረብኛ ቃል እንግዳ ቃል ነው ብሎ በልቡ የሚያጠና ተማሪ ቀ፣ በ፣ ለን ነቅሶ እንዲያወጣ ቢመራ ተቀበለንና አቀባበልን ያገኛል፤ ትርጕሙም እርሱው ነው። የብዙ ቍጥርም እንዲሁ ነው። ፈረስ ሲበዛ በግእዝም በዐረብኛም አፍራስ ይባላል፤ መጻሕፍትንና መሳፍንትን የሚናገር አፍ ቃሉ ከውስጥ ተለውጦ መብዛቱ ሊያስደነግጠው አይገባም። በኢዕራብ ረገድም ቢሆን የተሳቢው መጨረሻ በግእዝ ወደ ግዕዝ ድምፅ መለወጡን የሚያውቅ ተማሪ የዐረብኛውን ተሳቢ ለመረዳት ግማሽ መንገድ ተጕዟል።

ዝምድናው ወጥመድም አለው። ለሕም በዐረብኛ ሥጋ እንጂ ላም አይደለም፤ የግእዙ ላሕም ግን ላም ነው። ደረሰ በዐረብኛ ተማረ፣ አጠና ማለት ሲሆን በአማርኛ ሌላ ነው። እነዚህን የመሳሰሉትን ለይቶ የሚያስጠነቅቅ መዘርዝር ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጋር ሊያያዝ ይገባዋል፤ ተመሳስሎን ያለ ጥንቃቄ ማስተማር ስሕተትን በቃል እንደ ማስያዝ ይቈጠራልና።

ወደ ሥነ ጽሑፍ የሚደረገው ሽግግር አብዛኛውን ጊዜ የተቻኰለ ነው። ከሊላ ወዲምና የእንስሳት ተረት ስለ ሆነ ብቻ ለጀማሪ ይሰጣል፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ረጅምና የተቈላለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ መልክ የወጣው የጣሃ ሑሴን አል-አያም የመጀመሪያ ክፍል ከዚህ የተሻለ ይሆናል። ዐይነ ስውሩ ደራሲ አንድን ሐሳብ በተቀራረቡ ቃላት ደጋግሞ ስለሚመላለስበት አንባቢው በመጀመሪያው ያመለጠውን ቃል በሁለተኛው ያገኘዋል። በዚያ ላይ የኢብን ማሊክን የሺህ መስመር የሰዋስው ግጥም በቃሉ እንዲይዝ የታዘዘ ልጅ የደረሰበትን ጭንቀት ስለሚተርክ ለመምህራን የተለየ ጥቅም አለው።

በዚህ ደረጃ ያለ ተማሪ መዝገበ ቃላት ያስፈልገዋል። በዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው የሐንስ ቬር ሥራ በ1952 በጀርመንኛ፣ በ1961 በእንግሊዝኛ ወጥቶ ቃላትን በሥር ፊደላቸው ይደረድራል። አጅሩሚያን ብቻ የጨረሰ ተማሪ ኢስቲቅባልን በመጀመሪያ ፊደሉ ሲፈልግ ይውላል፤ ግስ የወረደው ግን በቀጥታ ወደ ቃፍ ይሄዳል።