በጨለማ የሚያልቅ ጸሎት
መዝሙር 88ን እንደ ግጥም ስናነበው

ውድ ወጣቶች፣ በዚህ እትም አብረን እንድናነበው የመረጥኩላችሁ ግጥም በመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ውስጥ አለ፤ በአምልኮ ፕሮግራም ላይ ሲነበብ ግን እምብዛም አትሰሙትም። መዝሙር 88 ነው፤ 18 ቁጥሮች አሉት። በርዕሱ ላይ የቆሬ ልጆችና ኤማን ተጠቅሰዋል።

ብዙዎቹ የልቅሶ መዝሙሮች በጨለማ ጀምረው በብርሃን ያበቃሉ። መዝሙር 13ን ተመልከቱ፤ ጌታ እስከ መቼ እንደሚረሳው በመጠየቅ ጀምሮ በዝማሬ ይዘጋል። መዝሙር 88 ግን እንዲህ አይደለም። ወዳጆቹ ርቀዋል፤ መከራው አልቀለለም፤ ከእግዚአብሔርም መልስ አልተሰማም። መጨረሻው ጨለማ ነው።

ታዲያ ይህ ከንቱ የቀረ ጸሎት ነውን? አሠራሩን እንይ። ገጣሚው መጮኹን ሦስት ጊዜ ይነግረናል፦ በመጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ በቁጥር 9 ዕለት ዕለት እጁን ዘርግቶ፣ በቁጥር 13 ደግሞ በማለዳ። በመካከል ያለው ጉድጓድ፣ መቃብርና ማዕበል ነው። ወደ ጉድጓዱ በወረደ ቁጥር እንደገና ይጣራል። ሲጀምር እግዚአብሔርን የመድኃኒቱ አምላክ ብሎ ጠርቶታል፤ ይህንንም ስም በኋላ አልሻረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አንተ» ማለቱን አያቆምም። በጣም መራራ የሆነውን ክሱን እንኳ ለራሱ ለእግዚአብሔር ፊት ለፊት ይናገራል። የዚህን ሰው ጽናት በመጨረሻው ስንኝ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ስታዩ ግን ታገኙታላችሁ።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ ለመልሶ ልማት ሲነሣ፣ ረቡዕ ረቡዕ አብረውን ይጸልዩ የነበሩ ወጣቶች ከነቤተሰባቸው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄዱ። በሰፈራቸው እንዲቆዩ ጸልየው ነበር። ከእነርሱ አንዷ የጸሎት ደብተሯን አሳየችኝ። በግራው ገጽ ልመናዋን፣ በቀኙ የተመለሰበትን ቀን ትጽፋለች። ከጥቅምት ወዲህ ቀኙ ባዶ ነው። «መምህር፣ እዚህ ጋ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ እኛ የምንጽፈውንም ይነካል። የወጣቶቻችን ምስክርነቶችና ግጥሞች አብዛኛውን ጊዜ አንድ መንገድ ይከተላሉ፦ ችግር፣ ጾም ጸሎት፣ መልስ፣ ምስጋና። መልሱ በእርግጥ መጥቶ ከሆነ ተመስገን ነው። መልሱ ሳይመጣ መጨረሻው ላይ የምንለጥፈው «ሃሌ ሉያ» ግን ግጥሙን ያደክመዋል፤ ገና በመጠበቅ ላይ ያለውንም አንባቢ «ያልተመለሰልኝ ለእኔ ብቻ ነው» ያሰኘዋል። እንዲህ ያለ ሰው ጸሎት ሲተው ድምፅ አያሰማም፤ ረቡዕ መቅረት ይጀምራል።

«ታዲያ ይህ ማጉረምረም አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነታቸው ሰባት ዓመት ታስረዋል፤ ከታወቁት መዝሙሮቻቸው አንዱም «አላንጎራጉርም» ይባላል። ልዩነቱን ኦሪት ዘዳግም 1፥27 ያሳየናል። እስራኤል ያጉረመረሙት በድንኳኖቻቸው ውስጥ ነው፤ እግዚአብሔር ጠልቶናል እየተባባሉ ስለ እርሱ እርስ በርሳቸው አወሩ። ኤማን ግን የልቡን ሁሉ ይዞ ወደ ራሱ ወደ እግዚአብሔር ሄደ። ማጉረምረም ጀርባን ይሰጣል፤ የኤማን ልቅሶ ፊቱን አላዞረም።

በሉቃስ 18 ጌታችን ሳንታክት እንድንጸልይ ሲያስተምር የነገረንን የመበለቲቱን ምሳሌም በዚህ ዓይን አንብቡት። ስለ ስሜቷም ሆነ ስለ አንደበቷ ማማር አንድም ቃል የለም። ያንኑ ልመና ይዛ ትመላለስ እንደነበር ብቻ ተጽፏል። አምላካችን እንደዚያ ዓመፀኛ ዳኛ አይደለም፤ የምሳሌው ጉልበትም እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ጌታ ትምህርቱን የዘጋው በጥያቄ ነው፦ የሰው ልጅ ሲመጣ በምድር እምነትን ያገኝ ይሆን? እርሱ ራሱም በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ጸልዮአል። ጽዋው አላለፈም፤ እርሱ ግን «አባት» ማለቱን አልተወም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም ግጥም የምትልኩ፣ መልሱ ካልመጣ አትጨምሩበት። የጠየቃችሁትን ጻፉ፤ ማንን እንደጠየቃችሁ ጻፉ። ለእኅታችንም የነገርኳት ይህንኑ ነው፦ ባዶውን ገጽ ለመሙላት አትቸኩዪ፤ በግራው ገጽ ግን የዛሬን ቀን ጽፈሽ ያንኑ ልመና ድገሚው። ኤማንም በማግሥቱ ማለዳ ያደረገው ይህንኑ ነበር።