አፍ መፍታትና እጅ መፍታት፦ የዴንቨር መመዘኛ ሲመረመር

የዴንቨር የሕፃናት እድገት መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ወጥቶ በ1992 ተሻሽሏል። ከልደት እስከ 6 ዓመት ያለውን እድገት በ4 ዘርፍ፣ በ125 መጠይቆች ይከታተላል። በጅማ የተሰናዳው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲቀርብ፣ እንግዳ የሆኑትን መጠይቆች ለኢትዮጵያዊ ልጅ እንዲስማሙ ማድረጉ የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ የመመዘኛው የቋንቋ ዘርፍ በጆሮና በአፍ ላይ የቆመ ነው። ሕፃኑ የደወል ድምፅ ይሰማ እንደሆነ፣ ወደ ተናጋሪው ይዞር እንደሆነ፣ ስንት ቃል ይናገር እንደሆነ ይጠይቃል። እነዚህ መጠይቆች የመስማት ጉድለትን ለመጠርጠር ይረዳሉ፤ ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ ግን የሚነግሩት የለም። ቅጹ እንደ ተጻፈ ቢሠራበት፣ በምልክት «ውሃ» ብሎ የለመነ የ2 ዓመት ልጅ ምንም ቋንቋ ከሌለው ልጅ ጋር እኩል «አልቻለም» ይባላል። ፔቲቶና ማረንቴት እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ግን፣ የምልክት ቋንቋ እያዩ የሚያድጉ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት አፍ በሚፈታበት ፈንታ እጃቸውን ይፈታሉ።

ጉድለቱ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ጎልቶ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ሲፈርስ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ተዛውረዋል። የልጁን ምልክት የሚያውቁ ጎረቤትና መምህርት ሲቀሩ፣ አብሮት የሚሄደው መዝገቡ ነው። መዝገቡ «አልተናገረም» ብቻ ካለ፣ ተቀባዩ መምህር የልጁን እውቀት እንደሌለ ይቆጥራል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የንግግር መጠይቅ የምልክት አቻ ሊበጅለት ይገባል፤ ይህም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ባለቤቶች ሳይማከሩ ሊሆን አይችልም።