የኤሌክትሪክ መኪና ኃይል መሙያ፤ በግዴታ ወይስ በገበያ?

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ የኃይል መሙያ ጣቢያዎችን ማን ይሥራቸው የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ሆኗል። አንዱ ወገን፣ በየማደያው እንዲተከሉ ሕግ ያስገድድ ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ነጋዴ ትርፉን ያውቃልና ለገበያ ይተው ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ከተማንና መንገድን ስለማይለዩ ሐሳባቸው ጎዶሎ ነው።

ነገሩን ከሳቢያን ሆነን እንመልከተው። የራሱ ግቢና ቆጣሪ ያለው ሰው መኪናውን ሌሊት ከቤቱ ይሞላል። በአንድ ቆጣሪ ከብዙዎች ጋራ የሚጠቀም ተከራይ ግን የሕዝብ ጣቢያ ያስፈልገዋል፤ ይሁን እንጂ ደንበኛ በበዛበት ከተማ ነጋዴው ሳይገደድ ይመጣል። ኢትዮ ቴሌኮም እንኳ በ2017 ዓ.ም. ይህን አገልግሎት ሲጀምር ከአዲስ አበባ ነው የጀመረው።

ይኸው የሳቢያን ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲነሣ ግን ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ቁልቢ ይወጣል፤ ዳገትም ባትሪ ይበላል። በቁልቢ መኪና የሚጨናነቀው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው። ለእነዚህ ቀናት ብሎ ጣቢያ የሚያቆም ነጋዴ ከየት ይገኛል?

የድሬዳዋ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ የተሰጠው የምድር ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን በ1895 ዓ.ም. እዚህ ካደረሰ በኋላ ገንዘብ አጠረውና ሥራው ቆመ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ሌላ ኩባንያ ተተክቶ በ1909 ዓ.ም. ነው። ገበያ ብቻውን መንገድን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደማያደርስ ከዚህ እንረዳለን።

በሌላ በኩል፣ የግዴታ ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ነጥብ ተራ አይደለም። በቂ መስመርና ትራንስፎርመር በሌለበት ማደያ የተተከለ መሙያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ግዴታው አስቀድሞ መውደቅ ያለበት በማደያው ባለቤት ላይ ሳይሆን ኃይል በሚያቀርበው መሥሪያ ቤት ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ያስገደደው አባል መንግሥታቱን ነው፤ በዋና ዋና መንገዶች ላይ በየ60 ኪሎ ሜትሩ ጣቢያ መኖሩን እንዲያረጋግጡ አዟል።

እንግዲህ ከተማው ለገበያ፣ መንገዱ ለግዴታ ይሁን እንላለን። የገዢውን ምርጫ በትእዛዝ ያጠበበ መንግሥት፣ ያ ገዢ መንገድ ላይ እንዳይቀር ዋስ መሆን ይገባዋል።