መጀመሪያ መለየት፣ ከዚያ መቁጠር

በቅርቡ ላቦራቶሪያችን የተቀጠረች ልጅ ማታ ትምህርት ልሄድ ጋዎኔን ሳወልቅ አይታ፣ «ጋሼ፣ መሣሪያው ቁጥሩን እያወጣልዎት ለምን ይደክማሉ?» አለችኝ። ታክሲ እንዳያመልጠኝ «ነገ እነግርሻለሁ» ብያት ወጣሁ። በማግስቱ ሥራ በዛና ሳልነግራት ቀረሁ።

ቀን እህልና መኖ እመረምራለሁ። ማታ የአናሊቲካል ቶክሲኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ ጓያ ላይ ነው። በጓያ ውስጥ ያለውን መርዝ፣ ኦዳፕን፣ ብዙ ቦታ የሚለኩት በቀለም ነው። የዱቄቱ ጭማቂ በፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ለ30 ደቂቃ ይቀቀላል፣ ኦፒኤ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ቢጫው በ420 ናኖሜትር ይነበባል። ርካሽና ፈጣን ነው። አብረውኝ የሚሠሩት «ይበቃል» ይላሉ። እኔ አይበቃም ባይ ነኝ፤ በዚህ ከማንም ጋር ስከራከር አልደክምም።

ኦዳፕ አንድ አይደለም። ቤታና አልፋ አለው፤ አተሞቻቸው ያው ናቸው፣ አቀማመጣቸው ግን ይለያያል። ነርቭን በዋናነት የሚጎዳው ቤታው ነው። እህሉ ሲበስል ከቤታው ከፊሉ ወደ አልፋ ይለወጣል፤ ሙቀቱ ከቆየ በግምት 6 ለ4 ይደርሳሉ። የቀለሙ ዘዴ ደግሞ ሁለቱንም ቀቅሎ ወደ አንድ ነገር ስለሚያወርዳቸው ልዩነታቸውን አያይም። ስለዚህ ጥሬው ጓያና የበሰለው ሽሮ ተመሳሳይ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ፤ የሚበላው ሰው ሆድ የሚገባው ግን ተመሳሳይ አይደለም። «ማስ ስፔክትሮሜትር ቢገዛልን ይፈታል» የሚሉኝም አሉ። የሁለቱም የሞለኪውል ክብደት 176 ነው። ድብልቁን በሚለየው ኮለም ላይ ተለያይተው ካልወጡ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት መሣሪያም እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ማታ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሥራ መግባት ስለነበረብኝ፣ የጥሬ ጓያ ጭማቂዬን ቶሎ እንዲደርቅ የሚፈላ ውኃ ላይ አስቀመጥኩት። ስለካው ትልቅ የአልፋ ፒክ ወጣ። የተለየ ዘር አገኘሁ ብዬ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። አማካሪዬ ወረቀቱን አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «በምን አደረቅኸው?»

ያንኑ ዱቄት እንደገና በቀዝቃዛው፣ በናይትሮጅን አደረቅኩት። አልፋው ከመስመሩ ብዙም ከፍ የማይል እብጠት ሆነ። አልፋውን የፈጠርኩት እኔ ነበርኩ። ለዓመታት ቀን ቀን ስሠራ በሙቅ ውኃ ማድረቅ ልማዴ ነበር፤ የምሠራውን ነገር ስለማይጎዳ ማንም አልጠየቀኝም። ሥራ ላይ ሳለሁ መማሬ የሰጠኝ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ቀን በእጄ የለመድኩት ማታ ይመረመራል።

አጎቴ የፎገራ ሰው ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደምቢያና ፎገራ ላይ ጓያ ብዙ ሰው ሲጥል ገና ጎረምሳ ነበር። ሌላ እህል አልነበረም፤ ቁርሱም እራቱም ጓያ ሆኖ ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለስ እግሩ እምቢ አለው። ከዚያ በኋላ ጉልበቶቹ እየተጋጩ፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ በሁለት ዱላ ኖረ። ይህ ሽባነት አይመለስም። ጓያ እንደምለካ ስነግረው ጥቂት ዝም አለና፣ «ልጄ፣ ታዲያ እኔን የጣለኝ ስንቱ ነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። በእጄ የነበረው የጥሬ እህል ጠቅላላ ቁጥር ነው፤ እሱ የበላው ደግሞ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተቀቅሎ ነው። አጎቴ ከሞተ በኋላም ያንን ጥያቄ ይዤ ነው ማታ ማታ የምቀመጠው።

እንግዲህ ለልጅቷ ያልነገርኳት ይህን ነው። ሐሙስ ማታ ክፍል የለኝም። ከፎገራ አንድ ኪሎ ጓያ መጥቶልኛል፤ ግማሹን በጥሬው፣ ግማሹን አብስለን በሁለቱም ዘዴ እንለካዋለን። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መቆየት ከቻልሽ ነይ።